ወጌሻዋ ገላነሽ ከአጥንት ወደ አእምሮ የተሻገረችበት ዓመት

ወረታ ላይ ገላነሽን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የደረሰ እንግዳ ነው፣ ወይ ዕድሜ ልኩን አንድም ቀን ወድቆ የማያውቅ ዕድለኛ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከሀጂራ ሱቅ ቀጥላ ባለችው ክብ ቤት በራፍ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚኮለኮለው ሰው ለጉድ ነበር፤ አንዱ ክንዱን በነጠላ አንጠልጥሎ፣ ሌላው በወንድሙ ጀርባ ታዝሎ፣ ሌላዋ ደግሞ «የኔስ ትንሿ ጣቴ ብቻ ናት፣ ቶሎ ታይታ ልሂድ» እያለች ተራ ልትቀማ ስትሞክር።

ገላነሽ ወጌሻ ነበረች። የተሰበረ ትጠግናለች፣ የወለቀ ትመልሳለች፣ የዞረ ታቃናለች። ሙያውን ያገኘችው ከአባቷ ነው። አባቷ ወንድ ልጅ አልነበራቸውምና፣ ሰው ምን ይለኛል ሳይሉ ሴት ልጃቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ዓይኗን በሻሽ እያሰሩ የበግ አጥንት በጣቷ እያስለዩ አሳደጓት። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት፣ በፎገራ ሜዳ እሷ ያልዳሰሰችው ክንድ የለም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ግን እሷን ከሌላው ወጌሻ የሚለያት አጥንት መጠገኗ አልነበረም፤ አጥንትስ ስንቱ ይጠግናል። የሚለያት ስብራቱ የታሰረበት የሸንበቆ ስንጣሪ ከተፈታ በኋላ የምታደርገው ነገር ነው። ሌላው ወጌሻ ስንጣሪውን ፈትቶ፣ በቅቤ አሽቶ፣ ምሕረቱን ያውርድልህ ብሎ ይሸኛል። ገላነሽ ግን እዚያ ላይ ነበር ሥራዋን የምትጀምረው። «ይህ እጅ ደህና ሳለ ምን ይሠራ ነበር?» ብላ ትጠይቃለች። ልብስ ሰፊ ከሆነ መርፌ ታስይዘዋለች፤ መስፋቱ ቀርቶ መርፌዋን ብቻ ይዞ ይዋል። ወተት ገፊ ከሆነች ቅል ውስጥ ሁለት ጭልፋ ውሃ አድርጋ ታስገፋታለች፤ በሳምንቱ አራት ጭልፋ፣ ከዚያ ስድስት፣ እያለ እውነተኛው ወተት እስኪደርስ። አንድ ጊዜ ትከሻው የወለቀ የደብር ደወል ደዋይ መጥቶላት፣ ከዋርካ ቅርንጫፍ ላይ ባዶ ቅርጫት በገመድ አንጠልጥላ ሲስብ ሲለቅ አዋለችው። ሀጂራ ከሱቋ ብቅ ብላ ይህን አየችና፣ ዋርካው ሊቀድስ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ሰውየው ግን በወሩ ደብሩን ሲደውል ሐሙሲት ድረስ ተሰማ ተብሎ ተወራ። ሐሙሲት ድረስ እንኳ አይሰማም፤ ብቻ ተወራ።

በየካቲት ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. አንድ ጠዋት፣ መንግሥቴ የሚባል ገበሬ ከርብ ወንዝ ማዶ መጥቶ ከሰልፉ ኋላ ቆመ። ተራው ሲደርስ ምኑም አልተሰበረም። የወንድሙ የያየህ እጅ መሰበሩን፣ ምሰሶ በቡጢ መትቶ እንደሰበረው ተናገረና፣ እባክዎን ከቤት ድረስ ይምጡልኝ አላት።

ገላነሽ ገረማት። «የተሰበረው እጁ አይደል? እግሩ ምን ሆነና ነው የማይመጣው?»

መንግሥቴ ወደ መሬት አየ። «እግሩስ ደህና ነው፣ እታለም። የታሰረ ነው።»

ከዚያ ቀስ እያለ ሁሉንም አወጣው። ያየህ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። አባታቸው በሞቱ በዓመቱ እንቅልፍ እምቢ አለው፤ ብቻውን ያወራ ጀመር፤ ኋላ ደግሞ ወሬውም ቀርቶ ዝም አለ። ጠበል ወስደውት ሱባዔ ይዞ ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ ተሻለውና ተመለሰበት። ባለፈው ክረምት፣ ርብ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ውሃ በተኛበት ሰሞን፣ ያየህ ከቤት ወጥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ሐይቁ መራመድ ያዘ። ውሃው ደረቱ ደርሶ እሱ አልቆመም። የታንኳ ሰዎች ባያገኙት ኖሮ ዛሬ ወንድም የለኝም አለ መንግሥቴ። ከነሐሴ ጀምሮ በሰንሰለት ከቤቱ ምሰሶ ጋር ታስሮ ነው ያለው።

«ክረምት ሲመጣ ቤታችንን ውሃ ይከበዋል። እኔ አምስት ልጆች አሉኝ። ማንን ልጠብቅ? ግንቦት ሲያልቅ፣ መንገዱ ሳይቆረጥ፣ ሩቅ ገዳም ወስጄ እዚያው ልተወው ቆርጫለሁ። እናቴ ግን በተሰበረ እጅማ አይሄድም አለች። ለዚያ ነው የመጣሁት።»

ገላነሽ እምቢ ልትል ነበር። የሷ ሥራ አጥንት ነው፤ ይህ የቄስና የጠበል ነው። ግን ደግሞ የተሰበረ እጅ የተሰበረ እጅ ነው። የስንጣሪ ከረጢቷን አነሣች።

የየካቲት ሜዳ እንደ ሰሌን ተዘርግቶ፣ ጥቁሩ አፈር እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቆ፣ ከብቱ ጓያ የታጨደበትን ቃርሚያ እየለቀመ ነበር። ቤት ሲደርሱ እናትየዋ እማማ ጸሐይነሽ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ጎንበስ ብለው፣ እንደ ቄስ ሊሳለሟት ሲሉ ገላነሽ ከለከለቻቸው።

ያየህ ምሰሶው ሥር ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ትከሻው ሰፊ፣ ጺሙ የተንጨባረረ፣ ቀኝ እጁ እንደ ዳቦ ያበጠ። ገላነሽ እውነቱን ለመናገር ፈርታ ነበር። ጎረምሳ ሲጮህና ሲራገም ይዛ አጥንት መልሳ ታውቃለች፤ እንዲህ ያለ ዝምታ ግን ገጥሟት አያውቅም። እጁን እንዲሰጣት ጠየቀችው፤ አልሰጣትም። አልያዘችውም። የራሷን መዳፍ ከፍታ ከጎኑ መሬት ላይ አኖረችና ከእማማ ጸሐይነሽ ጋር ስለ ዘንድሮ ጓያ ማውራት ጀመረች። ጓያውን ጨርሰው ወደ ሽምብራው ሲያልፉ፣ ያበጠው እጅ መጥቶ መዳፏ ላይ አረፈ።

አጥንቱን ስትመልስ ትንፋሹ ብቻ ጠነከረ። ስንጣሪዎቹን ደርድራ በጨርቅ ስትጠመጥም ግን አንድ ነገር አየች። ማንም ሳያዝዘው፣ ግራ እጁ የጨርቁን ጫፍ ያዘና ወጠረላት። ልክ በሚያስፈልጋት መጠን፤ ስትስብ ይይዛል፣ ስትዞር ያላላል። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነው፤ እጁ ግን ከሷ ጋር ሥራ ላይ ነበር።

ወረታ ተመልሳ ይህን ለሀጂራ ነገረቻት። ሀጂራ ለሃያ ዓመት ጎረቤቷ ናት፤ ጨውና ጨርቅ ትሸጣለች፣ ባሏ ኡመር ቆዳ ይገዛል፣ ልጇ መሐመድዘይን ደግሞ በከተማዋ ክሊኒክ ቁስል የሚያክም ድሬሰር ነው። ሀጂራ ያላትን ሁሉ ለገላነሽ ትሰጣለች፤ ምላሷን ጭምር።

«እስከ ዛሬ ክንድ ስትጠግኚ ኖረሽ አሁን ጭንቅላት አማረሽ? በየትኛው ሸንበቆ ልታስሪው ነው?»

«እሱማ ታስሯል» አለች ገላነሽ። «የጨነቀኝ እሱ ነው። እኔ ለአንድ ወር ያሰርኩት እጅ እንኳ ሲፈታ እንደ ደረቅ እንጨት ነው። እየሠራ ካልለመነው አይታጠፍም። ያ ልጅ ደግሞ ሙሉ ሰውነቱን ስድስት ወር ታስሯል።»



በወሩ ገላነሽ ስንጣሪውን ልትፈታ ርብን ተሻገረች። አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቶቹ ግን እንደፈራችው ደርቀዋል። ከከረጢቷ ጥጥ አወጣች። ለደረቀ ጣት ሁልጊዜ የምትሰጠው ነገር ነው፤ ፍሬውን መልቀም፣ መዳመጥ፣ መባዘት። ያየህ ጥጡን አየው፤ ከጉልበቱ ላይ ወደቀ። መልሳ ሰጠችው። አሁን ወረወረው፤ ጥጡም ሄዶ ሄዶ የመንግሥቴ ራስ ላይ አረፈ።

እማማ ጸሐይነሽ ሳቁ። በነሐሴ ያቆሙት ሳቅ ነበር። «አንቺ ልጄ፣ እንዴት ያለ አራሽ መሰለሽ እኮ! ባልቴት ልታደርጊው ነው ጥጥ የምታስይዢው?»

ገላነሽ ፊቷ ጋለ። ሠላሳ ዓመት ሰውን ሁሉ የምትጠይቀውን ጥያቄ ለዚህ ሰው አልጠየቀችም ነበር። ለምን? አእምሮው ታሟል ስለተባለ፣ እጁም ታሪክ የሌለው መስሏት ነው። ወዲያው ተቀመጠችና እናቱን ጠየቀች። እማማ ጸሐይነሽም ቁጭ ብለው ስለ ልጃቸው መናገር ያዙ፤ ትልሙ ቀጥ ያለ እንደነበር፣ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያያይዘውን ጠፍር፣ ምራኑን፣ ራሱ እንደሚያበጅ፣ የሱ ምራን አይበጠስም ተብሎ የሰፈሩ ገበሬ ሁሉ እየመጣ እንደሚለምነው። ያየህ ግድግዳውን እያየ ነበር፤ ግን ስለ ምራኑ ሲወራ አንገቱ ትንሽ ዘመም አለ።

በሳምንቱ ከኡመር ጥሬ ቆዳ ይዛ መጣች። ኡመር ጥሩውን ሊሰጣት ሲል ሀጂራ ከኋላ ሆና፣ ያኛውን ስጣት፣ ጠንካራውን፣ የሚታገለው ነገር ይሁንለት ብላ ነበር። በኋላ ገላነሽ ይህን ሐሳብ የራሷ አድርጋ ስታወራ ሀጂራ በሰው ፊት አዋረደቻት፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።

ያየህ ቆዳውን ተቀበለ። መጀመሪያ ዳሰሰው። ከዚያ በውሃ አርሶ፣ በሁለት እጁ ይዞ ማሸት፣ መፈተግ፣ ማልፋት ጀመረ። የደረቁት ጣቶች ቆዳውን ሲያለፉ ቆዳው ጣቶቹን እያለፋ፣ በሁለት ሳምንት ሁለቱም ለሰለሱ። ጾም ቢሆንም እናቱ እንደነገሯት መብላት ጨመረ፤ ሌሊቱን ደግሞ ደክሞት መተኛት ጀመረ። ገላነሽ በየሳምንቱ ማክሰኞ ስትመጣ በሩ ላይ ሳትደርስ የቆዳውን ድምፅ ትሰማለች፤ ደስታዋን ግን ዋጥ አድርጋ ነው የምትገባው፤ ወጌሻ ገና ባልጠና አጥንት ላይ አይጨፍርም።

ጭቅጭቁ የመጣው ቆዳው ተሰንጥቆ ጠፍር መሆን ሲገባው ነው። ለዚያ ቢላዋ ያስፈልጋል። መንግሥቴ ቢላዋ የሚለውን ቃል ሲሰማ ተነሥቶ ቆመ።

«እታለም፣ እስካሁን ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ቢላዋ ግን አልሰጥም።»

«እኔ ከጎኑ እቀመጣለሁ» አለች ገላነሽ። «አንተ በሩ ላይ ዱላህን ይዘህ ቁም። ቢላዋው ስለቱ ወደ እኔ ይሁን።»

እንዲህ ሆነ። መንግሥቴ በሩ ላይ፣ እናትየዋ ማዕዘኑ ውስጥ እየጸለዩ፣ ገላነሽ ከያየህ ጉልበት ጋር ጉልበቷ ተነካክቶ። ያየህ ቢላዋውን ተቀበለ። ስለቱን በአውራ ጣቱ ፈተነ፤ እዚህ ላይ የመንግሥቴ ዱላ ከፍ አለ። ከዚያ ከቆዳው ጠርዝ ጀምሮ ዙሪያውን እየዞረ፣ ቆዳውን እያሽከረከረ ሰነጠቀው። አንድ ወጥ ጠፍር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወርዱ የማይዛነፍ፣ እንደ ክር ከጥቅል እየተተረተረ ወለሉ ላይ ተከመረ። ሲጨርስ ቢላዋውን አዙሮ፣ እጀታውን ወደ ገላነሽ አድርጎ አቀበላት።

ከዚያ አፉን ከፈተ።

«ቅቤ» አለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከነሐሴ ጀምሮ የተሰማ የመጀመሪያ ቃል ነው። ያየህ እንዳልሰሙት ገምቶ ነው መሰል፣ ጠፍሩን አንሥቶ አሳያቸው። «ይደርቃል። ቅቤ ስጡኝ።»

እማማ ጸሐይነሽ እንዴት እንደተነሡ ራሳቸውም አያውቁም። ጾም ነውና ሳይነካ የተቀመጠውን ሁሉ፣ ለፋሲካ የታሰበውን፣ ለራሳቸው ፀጉር በቅል የደበቁትን ሳይቀር አምጥተው ፊቱ ደረደሩት። ያየህ በሁለት ጣቱ ትንሽ ወሰደና ሌላውን መለሰላቸው።

ከፋሲካ በኋላ ሰንሰለቱ ቀን ቀን እየተፈታ፣ ማታ ማታ ይታሰር ጀመር። ያየህ ደጅ ወጥቶ ተቀምጦ ይሠራል፤ ሲጠየቅ በአጭሩ ይመልሳል። አንዳንድ ቀን ግን ዝምታው ይመለስበታል፤ እንዲህ ባለው ቀን ገላነሽ ትልቁን ሥራ አንሥታ ትንሹን ትሰጠዋለች፤ አንዲት ቋጠሮ፣ አንዲት ዕራፊ ቆዳ። መንግሥቴ ይህን ሁሉ ያያል፤ ግን ክረምቱንም ያያል። ግንቦት ሲጋመስ ቁርጡን ነገራት። ያየህ በሽማግሌዎች ፊት እርፍ ጨብጦ እንደ ድሮው ግማሽ ቀን ካረሰ ሰንሰለቱ ይቅር፤ ከደነገጠ፣ ከቆመ፣ ወይም ጥሎ ወደ ውሃው ከሄደ፣ በሦስተኛው ቀን ገዳም ይሄዳል። ገላነሽም ተስማማች። ተስማምታ ስትመለስ ነው፣ በሕይወቷ አንድም ቀን ሞፈር ነክታ እንደማታውቅ ትዝ ያላት።

የቀጠሮው ማክሰኞ ደረሰ። ሀጂራም እኔ ሳላይማ አይሆንም ብላ ሱቋን ለኡመር ትታ አብራት መጣች። ማሳው ዳር አራት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ከነሱ አንዱ ጎረቤታቸው አቶ አድማሴ ናቸው፤ በሬያቸውን ከመንግሥቴ በሬ ጋር ለማቀናጀት ያመጡት እሳቸው ናቸው። እናትየዋ ራቅ ብለው ቆመዋል። በሬዎቹ ተጠምደው ይጠብቃሉ፤ መንግሥቴ በጠዋት ተነሥቶ፣ ሁሉን በገዛ እጁ አዘጋጅቶ ነበር፤ ያየህ መያዝ ብቻ ነው የቀረው።

ያየህ መጣ። እርፉን ጨበጠ። ጅራፉን አነሣ። ከዚያ ቆመ።

ቆመ በቃ። በሬዎቹን ያያል፤ አይንቀሳቀስም። በሬዎቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ አንዱ ወደ ሌላው ይጫናል፣ ቀንበሩ ይዘማል። ያየህ አሁንም ቆሟል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሌላው፣ ይብላኝ ለእናቱ ሲል ተሰማ። ሀጂራ የገላነሽን እጅ ያዘች። ያንን ሁሉ ቆዳ፣ ያንን ሁሉ ማክሰኞ፣ ገላነሽ በልቧ አንድ በአንድ ታየው ነበር። ቸኩያለሁ አለች ለራሷ። ገና ያልጠና አጥንት ላይ ሸክም ጫንኩበት።

ያየህ ጅራፉን ጣለ። ወደ በሬዎቹ ሄደ። ጎንበስ ብሎ ምራኑን መፍታት ጀመረ።

መንግሥቴ ዱላውን ይዞ ተነሣ። ገላነሽ ከየት እንደመጣላት ሳታውቅ ፊቱ ቆመች፤ ክንዱን ከክርኑ በላይ፣ ወጌሻ ብቻ በሚያውቀው ቦታ ላይ ጨመቀችው።

«አንዴ ቁም» አለችው በዝግታ። «ይህን ክንድ ሰብሬ መልሼ ልጠግነው እችላለሁ።»

ያየህ የበሬውን አንገት የሚይዘውን ማነቆ አወጣ። የአድማሴን በሬ ከቀንበሩ አላቀቀና ሻኛውን መታ መታ አድርጎ ወደ ጎን አቆመው። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረ። ፊቱ ላይ ያለው እብደት አልነበረም፤ ሥራው የተበላሸበት ሰው ንዴት ነበር።

«ሁለቱም የግራ ናቸው» አለ። «ሁለት የግራ በሬ ጠምዳችሁ ማነው የሚያርሰው? ቦራ የት ሄደ?»

አቶ አድማሴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ በሬያቸውን በግራ በኩል አዩ፣ በቀኝ በኩል አዩ፣ የመንግሥቴንም በሬ አዩ። ከዚያ ጭናቸውን በጥፊ መቱ።

«እውነቱን ነው! እኔ አድማሴ፣ ሰባት ዓመት በግራ ያረስኩበትን በሬ! ምን ነካኝ?»

የነካቸውማ ግልጽ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም ሰው ያየህን ሲያይ፣ በሬዎቹን ያየ አልነበረም። መንግሥቴ ደግሞ ነገሩን ሁሉ የሠራው በፍርሃት ነው። የቀኙ በሬ ቦራ ያየህ ከጥጃነቱ ጀምሮ ያሳደገው ነው፤ መንግሥቴም ወንድሜ ቦራን ሲያይ ያለፈው ሁሉ ይነሣበታል፣ ይታወክብኛል ብሎ፣ ትናንትና ሐይቁ ዳር ወዳለ የዘመድ በረት ሰዶ ደብቆት ነበር። በሬውን ሲደብቅ ጎኑን ረሳ። ገላነሽም ብትሆን በሬ ጎን እንዳለው፣ በግራ የለመደ በቀኝ እንደማይጠመድ የሰማችው ዛሬ ነው።

ሀጂራ ናት መጀመሪያ የሳቀችው። ከዚያ ሽማግሌዎቹ፤ ከዚያ እማማ ጸሐይነሽ፣ እያለቀሱ። «ከዚህ ማሳ ላይ ካለነው ሁሉ» አሉ አቶ አድማሴ፣ «የሚታሰር ቢፈለግ እኔና መንግሥቴ ነን።»

መንግሥቴ ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጠና ቦራን ሊያመጣ ራሱ ሄደ። በሬውን እየነዳ ሲመለስ ፀሐይ ዘንበል ብላ ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት ያየህ ማሳው ላይ ቁጭ ብሎ የዘመመውን ቀንበር ሲያስተካክል፣ ሲጠይቁት ሲመልስ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ገላነሽን ውሃ ይጠጡ ሲል ቆየ። ቦራ ሲመጣ አሸተተው። ያየህ ጆሮው ሥር አከከለትና በቀኝ ጠመደው። ከዚያ እስኪመሽ አረሰ፤ ሽማግሌዎቹም ትልሙ ቀጥ ማለቱን ለማየት አንድ ዓይናቸውን እየጨፈኑ እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። በዚያው ዕለት መንግሥቴ ሰንሰለቱን ከምሰሶው ነቅሎ ከቤት አወጣው፤ የት እንዳደረሰው የጠየቀው ሰው የለም።

እንግዲህ ዋናው ነገር ገና ነበር፤ ክረምቱ። ሐምሌ ሲገባ ርብ ሞላ፤ ሜዳው ውሃ ለበሰ፤ ከማዶ የሚመጣ ሰውም ወሬም ተቆረጠ። ገላነሽ ሦስት ወር ሙሉ አጥንት እየጠገነች በልቧ ውሃ ስትቀዝፍ ከረመች። በዚያ ሰሞን ድሬሰሩ መሐመድዘይን ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ፣ ጎንደር ሲሠለጥን አስተማሪው ስለ አንድ ሙያ ያወሩትን አጫወታት። በሌላ አገር፣ በሽተኛን በገዛ ሥራው መልሰው የሚያቆሙ ባለሙያዎች አሉ፤ በእጅና በእግር ጀምረው ኋላ ወደ አእምሮ ሕመም የሚሻገሩም ብዙ ናቸው አላት።

«ተምረው ነው?» አለች።

«ብዙ ዓመት ተምረው፣ እማማ ገላነሽ።»

«ታዲያ በሬ ጎን እንዳለው ይማራሉ?»

መሐመድዘይን ይህን አላውቅም አለ። ገላነሽም ይህ ሳይገባበት የቀረ ትምህርት እንደሆነ ገምታ፣ ቢሆንም እንዲህ ያሉ ሰዎች በዓለም ላይ መኖራቸውን ስትሰማ፣ ብቻዋን አለመሆኗ ደስ ብሏት አመሸች።

ውሃው በመስከረም ማለቂያ ጎደለ። በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ጠዋት ያየህ በእግሩ መጣ፤ ጺሙ ተላጭቷል፣ ልብሱ ታጥቧል፣ ትከሻው ላይ የጠፍር ጥቅል አንግቷል። ሰልፉን አልፎ ለመግባት አፈረና ከኋላ ቆመ፤ ተራው እስኪደርስ ገላነሽ የሰው ክርን እያሸች በዓይኗ ስትበላው ቆየች። ሲገባ ነገራት። ክረምቱ ቀላል አልነበረም። ሦስት ቀን፣ ውሃው ደጃፍ ደርሶ ሳለ፣ ያ የድሮው ክብደት መጥቶ ተጫነው። እሱም ለእናቱ ነገራቸው። ዛሬ መጥፎ ቀን ነው፣ ቆዳ ስጡኝ አላቸው። እናቱ አጠገቡ ቁጭ ብለው ጫፉን እየወጠሩለት፣ መንግሥቴም በሌላው በኩል ተቀምጦ፣ ሦስቱ ሦስት ቀን ሙሉ የሰፈሩን ሁሉ ምራን ሠሩ።

«በአራተኛው ቀን ራበኝ» አላት። «ሲርበኝ እንዳለፈ አወቅሁ።»

ገላነሽ ዞር ብላ ምንም ያልተሰበረ ነገር ስታስተካክል ቆየች።

ያየህ ግን ብቻውን አልመጣም ነበር። ወሬው ከውሃው ቀድሞ አገሩን አዳርሶ ኖሮ፣ ወረታ ሲደርስ ከአንበሳሜ የመጡ ባልና ሚስት የወጌሻዋን ቤት ሲያጠያይቁ አግኝቶ ይዟቸው ነው የመጣው። ሚስትየዋ ይርገዱ ትባላለች፤ ባሏ ኃይለ ሚካኤል ዓመት ሊሞላው ነው ከቤት አይወጣም፣ አይናገርም፣ ከመደቡ ከተነሣ ትልቅ ነገር ነው። ገላነሽ በሩ ላይ የቆመውን ሰው አየችው፤ እንደ ዱሮዋ አልፈራችም። ገብቶ እንዲቀመጥ ቦታ ለቀቀችለትና ወደ ሚስቱ ዞራ፣ ሥራው ምን እንደነበር ጠየቀች።

«ንብ ነው» አለች ይርገዱ። «ሃያ ቀፎ ነበረው።»

ገላነሽ ደነገጠች። ቢላዋ ከያዘ ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት የተቀመጠችው ሴት፣ ንብ ስትባል ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሀጂራ ይህን ከሱቋ ሆና አየችና ባንኮኒው ላይ ተደፍታ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ሰልፉ ላይ ያሉት ሁሉ ምን ተገኘ ብለው ዞሩ።

«ባዶ ቀፎ አለ አይደል?» አለች ገላነሽ ቶሎ ብላ። «መጀመሪያ ቀፎ ነው የሚሠራው። ባዶ ቀፎ! ንቡን በኋላ እናየዋለን።»

ያየህ የጠፍር ጥቅሉን ከትከሻው አወረደና ከኃይለ ሚካኤል አጠገብ ተቀመጠ። ቀፎ እንዴት እንደሚታሰር አላውቅም፣ ሳር ነው ወይስ ሸንበቆ የሚቀድመው ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ዝም አለ። ያየህ አልቸኮለም። ሁለተኛ ጠየቀና፣ እስኪመልስለት ድረስ ስለ ዘንድሮው ጓያ ለይርገዱ ያወራላት ጀመር።